ድምፀ መረዋው መምህር ዝም ሲል

«መምህር ሥራው እንደ ተሳካለት በምን ያውቃል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ፣ ልጄ። ጥያቄሽ ከባድ ነው፤ በአንድ ቃል አልመልስልሽም። ይልቅ ስለ አንድ ሰው ልንገርሽ።

አንድ ድምፀ መረዋ መምህር ነበረ። ስሙ ስንሻው ነው። በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ያስተምር ነበር። ሲዘምር መንገደኛው ጉዳዩን ትቶ አጥር ሥር ይቆማል። ሠርግ ላይ ካልተገኘ ሙሽሮቹ ቅር ይላቸዋል። ጠዋት በሰልፍ ላይ መዝሙር የሚጀምረው እሱ ነው፤ የሚጨርሰውም እሱ ነው። ልጆቹ ደግሞ ሲወዱት ለጉድ ነው። ደወል ተደውሎ ሊወጣ ሲል በሩን ዘግተው «ጋሼ፣ አንድ ብቻ ይጨምሩልን! አንዲት ብቻ!» ይሉታል። እሱም አይሰስትም፤ ይጨምርላቸዋል።

ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ታሪኩን ስትሰሚ እንዳትፈርጂበት ብዬ ነው። ልጆቹን ከልቡ ይወዳል፤ ያለውን ሁሉ ይሰጣቸዋል። ያለው ደግሞ ድምፁ ነው።

አንድ ዓመት በትምህርት መዝጊያ በዓል ላይ፣ ወላጆች ተሰብስበው፣ ልጆቹ መድረክ ላይ ተሰልፈው ሳለ ርዕሰ መምህሩ ለአንድ ጉዳይ አስጠራውና ስንሻው ከመድረኩ ወረድ አለ። ሲመለስ ልጆቹ ከንፈራቸውን ገጥመው ቆመዋል። ሕዝቡም ዝም፣ ልጆቹም ዝም።

«ምነው? ለምን አልጀመራችሁም?» አላቸው።

«እርስዎን እየጠበቅን ነዋ!» አሉት፣ ፊታቸው በደስታ እያበራ።

ሕዝቡ ሳቀ። ስንሻውም ሳቀ። እንዲያውም ደረቱን ሞቅ አለው። «ያለ እኔ እኮ አይሆንላቸውም» አለ በልቡ፤ ዘመረላቸውም፤ ጭብጨባውም ቀለጠ።

ክረምት ሲገባ የሙዚቃ መምህራን ለሥልጠና ተጠሩ። ትምህርቱ በመዝሙር ላይ የተመሠረተ ነው ተባለ፤ ኦርጋን የለም፣ ክራር የለም፤ መሣሪያው የሰው ጉሮሮና የሰው መዳፍ ብቻ ነው። ስንሻው ሻንጣውን እያዘጋጀ ለሚስቱ «እንግዲህ ሊያስተምሩኝ ይሁን ሊሰሙኝ ሄጄ አያለሁ» አላት። እሷም እየሳቀች ወፍራም ሹራብ ጨመረችለት፤ ሥልጠናው የሚሰጥበት ኮሌጅ ደጋ ነው፣ ዝናቡም አያባራም።

አሠልጣኟ ወይዘሮ አልጋነሽ የሚባሉ ጎልማሳ ሴት ነበሩ። ድምፃቸው ተራ ነው። ገበያ ውስጥ ቢጣሩ ዞር ብለሽ የምታዪው ዓይነት አይደለም። በመጀመሪያው ጠዋት ወደ አዳራሹ ገቡና ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ አንዲት አጭር ዜማ ዘመሩ፤ ከዚያ እጃቸውን ወደ መምህራኑ ዘረጉ። መምህራኑ ተያዩ። አንዱ ተደፋፍሮ መለሰ፤ ሌላው ተከተለ። ጥቂት ቆይቶ አዳራሹ ተናወጠ። ሰውነቱ እንደ ዋርካ የገዘፈ አንድ ሰው፣ በትምህርት ቤቱ የሙዚቃ መምህር በመጥፋቱ በስፖርት መምህርነቱ ላይ ሙዚቃ የተደረበበት፣ ኮቱን በአንድ እጁ ሰብስቦ ይዞ እንደ ሕፃን ይዘል ነበር። አንዲት ለጡረታ የተቃረቡ መምህርት በጭብጨባ ጨዋታ ተሸንፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፤ እነሱም ከዝናቡ በላይ ይጮኻሉ።

ስንሻውም ተደሰተ። ነገር ግን አንድ ነገር ይሆን ነበር። እሱ አፉን ሲከፍት ከአጠገቡ ያሉት ዝም ይላሉ። ከዚያ የሚቀጥሉት ዝም ይላሉ። በመጨረሻ እሱ ብቻ ይቀራል፤ ያጨበጭቡለታል። ወይዘሮ አልጋነሽም አብረው ያጨበጭባሉ፤ ከዚያ ወደ ሌላው ሰው ይዞራሉ።

ሥልጠናው ሲጋመስ መምህራኑ በየተራ የሰፈር ልጆችን እንዲያስተምሩ ተደረገ። ተራው የስንሻው ሲሆን ኮሌታውን አስተካክሎ ገባና አንድ የሚያምር መዝሙር ዘመረላቸው። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ደግሞ ዘመረላቸው። አጨበጨቡ።

ወይዘሮ አልጋነሽ ከኋላ ተነሡና ሁለት የፊት ጥርሶቿ የወለቁ አንዲት ልጅ አጠገብ ጎንበስ አሉ። «እስቲ የኔ ቆንጆ፣ አንቺ ደግሞ ዘምሪልን» አሏት።

ልጅቷ ደነገጠች። «እኔ? እሳቸው ይዘምሩ እንጂ! የሚችሉት እኮ እሳቸው ናቸው።»

«አዎ፣ እሳቸው ይዘምሩ!» ብለው ጮኹ ልጆቹ ሁሉ።

ስንሻው ፈገግ አለ። ፈገግታው ግን ሳያልቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። የልጅቷን ዓይን አይቷልና። ያደነቀች ልጅ ዓይን ብቻ አልነበረም፤ «ይህ ነገር የኔ አይደለም» ብላ ተስፋ የቆረጠች ልጅ ዓይን ነበር።

ከትምህርቱ በኋላ አሠልጣኟን በረንዳው ላይ አገኛቸው። ተቆጥቶ ነበር።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ድምፄን ላበላሸው ነው?»

«ምን በወጣህ! እግዜር የሰጠህን ለምን ታበላሻለህ?» አሉት። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ተማሪዎችህ ሲዘምሩ ሰምተሃቸው ታውቃለህ?»

«እንዴታ! በየቀኑ ነው እንጂ!» አለ። የአንዱን ልጅ ድምፅ ለማስታወስ ሞከረ። ያን ቀዩን ልጅ፣ ያቺን የወፍጮ ቤቱን ባለቤት ልጅ፣ መንታዎቹን። ፊታቸው ይመጣለታል፤ ስማቸው ይመጣለታል፤ ድምፃቸው ግን አልመጣም። በጆሮው ውስጥ ያለው የራሱ ድምፅ ብቻ ነበር። ስንት ዓመት ሙዚቃ አስተምሮ የልጅ ድምፅ አያውቅም።

ወይዘሮ አልጋነሽ ትከሻውን ነካ አድርገውት ሄዱ።

በማግስቱ «እንደገና ላስተምራቸው» ብሎ ለመነ፤ ተፈቀደለት። መምህራኑ በዚያ ሳምንት አብረው ያወጡት አንድ የዝናብ መዝሙር ነበር፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል። ስንሻው ሁለቱንም ወገን ለልጆቹ አንድ ጊዜ ብቻ አሰማቸው። ከዚያ ጥያቄውን ወረወረ፦

«ማን አንኳኳ በጣራችን?»

ወረወረና አፉን ዘጋ።

ዝምታ ሆነ። ልጆቹ ያዩታል፤ እሱም ያያቸዋል። መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነው። ጉሮሮው ያሳክከዋል። ከኋላ የተቀመጡት ጓደኞቹ መቁነጥነጥ ጀመሩ፤ ግዙፉ ሰው «ረስቶት ይሆን?» ብሎ አጠገቡ ላለችው አንሾካሾከ። ስንሻው ከንፈሩን ነክሶ ጠበቀ። በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ከባድ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

በመጨረሻ ያቺ ጥርሷ የወለቀው ልጅ፣ አንገቷን እንደ ቀበረች፣ «ዝናብ ነው እንግዳችን» አለች። ድምጿ ወፍራም ነው፤ ዜማውም ተንጋዷል። ስንሻው ሊያቃናው ቃጣ። ወዲያው እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ያዛቸውና፣ ትልቅ ስጦታ እንደ ተቀበለ ሰው ራሱን ዝቅ አደረገላት።

«እንደሱ አይደለም! ወደ ላይ ነው የሚወጣው!» አለ አንዱና በቀጭኑ አወጣው።

«አልበዛም እንዴ?» አለች ሌላዋ፤ አወረደችው።

ተከራከሩ፤ እየተከራከሩም ዘመሩ። ስንሻው ቃል ሳይተነፍስ በመዳፉ ብቻ ከፍታውንና ዝቅታውን አሳያቸው፤ ዓይናቸው መዳፉን ተከተለ፤ ድምፃቸውም ዓይናቸውን ተከተለ። ድንገት ዜማው ቦታውን ያዘ። ልጆቹ ራሳቸው አወቁት፤ ሳቅ ከዳር ዳር ክፍሉን ሞላው።

«ምን ይዞልን መጣ ለጓሯችን?» ብላ ጮኸች ጥርሷ የወለቀው ልጅ፣ ማንም ሳያዛት።

«ለምለም ጎመን ለራታችን!» ብለው መለሱላት።

ከዚያ ወዲያ ጠያቂም መላሽም እነሱ ሆኑ። ስንሻው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ደግሞ ሌላ። ጀርባው በሩን ነካ። ቀስ ብሎ ወጣ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ለአፍታ ቅር አለው፤ ልዋሽሽ አልችልም፣ ሰው ነውና ቅር አለው። ወዲያው ግን በበረንዳው ቆሞ ጆሮውን ሰጠ።

አንዱ ድምፅ እንደ ፉጨት የቀጠነ ነው። አንዱ ጎርናና ነው። አንዱ ሁልጊዜ አንድ ቃል ወደ ኋላ ይቀርና ሮጦ ይደርሳል። አንዷ ቃሉን አሳስታ ከሁሉ በላይ ትጮኻለች። እነዚህ ሁሉ እዚያ ነበሩ። ለካ በእሱ ክፍልም እንዲህ ያሉ ድምፆች ሁልጊዜም ነበሩ። ስንሻው ይስቅ ጀመር፤ ሲስቅ እንባው መጣ፤ የዝናቡ ፍንጣሪ ከእንባው ጋር ፊቱን አራሰው።

ወይዘሮ አልጋነሽ ተከትለውት ወጡ። «ምነው? ምን ሆነህ ወጣህ?» አሉት።

«እባክዎ ዝም ይበሉ» አላቸው ስንሻው፣ እጁን አንሥቶ። «እየሰማሁ ነው።»

እሳቸውም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ፤ አጠገቡ ቆመውም አብረው ሰሙ። ትምህርቱ ሲያልቅ ልጆቹ መዝሙሩን እንደ ያዙ ወጡ። ጭቃውን እየዘለሉ በየአቅጣጫው ሲበታተኑ አንደኛው ቡድን ከታች ሰፈር ይጠይቃል፣ ሌላው ከላይ ሰፈር ይመልሳል። ድምፃቸው እስኪጠፋ ድረስ መምህራኑ በረንዳ ላይ ቆመው ቀሩ።

መስከረም ላይ ስንሻው ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመለስ ተማሪዎቹ መጀመሪያ ግራ ገባቸው። «ጋሼ፣ አሞዎት ነው?» ብለው ጠየቁት። አንዳንዶቹም አኮረፉ። እሱ ግን ይጀምርና ዝም ይላል፤ ይጀምርና ዝም ይላል። ቀስ በቀስ መዝሙሩ ከክፍሉ ወጣ። በቦኖ ውኃ ወረፋ ላይ ተሰማ፤ በየጓዳው ተሰማ። ስንሻው በሠርግ ላይ መዝፈኑን አልተወም፤ ሲዘፍን ዛሬም መንገደኛ ያቆማል። «ከሠርጉና ከክፍሉ የትኛው ነው ደስ የሚልህ?» ብለው ሲጠይቁት ግን መልሱ አንድ ነው፦ «ልጆቹ ሲጀምሩና እኔ በር ላይ ስቆም።»

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ፣ ልጄ። አንቺ የምታስተምሪው ሒሳብ ነው፤ መዝሙር አይደለም። ነገሩ ግን ያው ነው። ሰሌዳው ላይ አሳምረሽ ትሠሪላቸዋለሽ፤ «ገባችሁ?» ትያቸዋለሽ፤ «አዎ!» ይሉሻል፤ ደስ ይልሻል። እሱ ለስንሻው ያጨበጨቡለት ጭብጨባ ነው። መወደድሽን ይነግርሻል እንጂ መማራቸውን አይነግርሽም። ጠመኔውን ስጫቸውና ፈቀቅ በይ። ዝምታው ይመጣል፤ ያስፈራሻልም። አንቺ አትሙዪው። አንዱ ልጅ አጣሞ ይጀምራል፤ ሌላው ይከራከረዋል፤ ክፍሉ ይንጫጫል። የመምህር ሥራ መሳካቱ የሚታወቀው አንቺ ዝም ስትዪ ነገሩ ሲቀጥል ነው። ያን ጊዜ ማንም ዞር ብሎ ባያይሽ አይክፋሽ፤ ለዚያ ቀን ነው የደከምሽው። ቁሚና ስሚያቸው።