የመሃለኛው ወንበር

ጠዋት በመሃለኛው ወንበር የተነሳ ተኳርፈው የነበሩት ሁለት የጉባኤው ሊቃውንት፣ አንዱ የዲፕሎማሲ ሌላው የኢኮኖሚ፣ ወንበሩን ባዶ ትተው በግራና በቀኙ በፈገግታ ተቀምጠዋል።

የዲፕሎማሲው ሊቅ ዶክተር ደምሰው ስለ ድርድር ጥበብ ተናግረው ሲያበቁ፣ ወንበር ደርዳሪዋ በር ላይ ቆማ ስታዳምጥ አዩአት።

«አንቺስ ሴትዮ፣ ዲፕሎማሲ ገባሽ? እስቲ ለጉባኤው አስረጂልን!» ሲሏት አዳራሹ በሳቅ አውካካ።

በአፏ ጦስ ሁለት ሥራ ያጣችው ሴትዮ «ሦስተኛውም አበቃለት» ብላ በራሷ ሳቀች።

«እኔ ምን አውቄ ጌታዬ! ጠዋት ለእርስዎ ‹የኢኮኖሚው ዶክተር መሃሉ የሚገባው ለእርስዎ ነው አሉ› አልኩ፤ ለእሳቸውም እርስዎ እንዲሁ እንዳሉ ነገርኩ። ይኸው በሞቴ፣ በሞቴ ተባብላችሁ ወንበሩ ባዶ ቀረ። ቤቴ ግን አልሆነልኝም፤ ከባሌ ጋር ከተኳረፍን ወር ሊሞላን ነው። እሱ እንደ እናንተ በቀላሉ አይታለልም።»