ለምርጫው የተለቀቀው ኩሬ

አንድ የውሃ አባት ነበረ። በአገሩ ገበሬዎች ክረምት ያጠራቀመውን ኩሬ በበጋ በቦይ እየመሩ ገብስ ያጠጣሉና፣ ተራ የሚያስጠብቅና መዝጊያውን የሚከፍት ሰው በየዓመቱ የካቲት ላይ እጅ አውጥተው ይመርጣሉ። የውሃ አባት የሚሉት እሱን ነው። በኩሬው መካከል አንድ ችካል ተተክሏል። የችካሉ ጫፍ ብቅ ሲል መዝጊያው ይዘጋል፤ የቀረው ውሃ ገብሱ በመጋቢት እስኪያሸት ድረስ አይነካም። ይህን የማያውቅ ሰው በዚያ አገር አልነበረም።

ሰውየው በመጀመሪያው ዓመት እሰይ የሚያሰኝ ሥራ ሠራ። ያለተራው ቦይ የሰበረውን የገዛ አማቹን እንኳ ቀጣ። አገሩም «ዳኛ ማለት እንዲህ ነው» አለ። አለ እንጂ፣ በምርጫው ቀን እጅ ሲቆጠር ሰውየው በሦስት ሰው ብቻ አለፈ። በስብሰባ ላይ የምትነጠፍለት አጎዛ፣ «አባታችን» መባሉ፣ ሁሉም ሊያመልጠው ነበር። ከዚያ ወዲያ ማሳ አይቶ አያውቅም፤ የሚያየው እጅ ነው። ከቦዩ ራስጌ ሃያ እጅ አለ፤ ይጠጣ። ከግርጌ ያለው የአንዲት ባልቴት እጅ ነው፤ ይቆይ።

ባልቴቷ መጣች። «ልጄ፣ ተራዬ ካለፈ እኮ ሳምንቱ» አለችው።

«እማማ፣ ትንሽ ይታገሱ። ምርጫው ይለፍ።»

«ገብስ ምርጫ ያውቃል እንዴ?»

በዚያው ሰሞን አንድ ተቀናቃኝ «እኔ ብሆን ውሃ አልሰስትም» እያለ ቤት ለቤት መዞር ጀመረ። ሰውየው ይህን ሲሰማ ወደ ኩሬው ወጣ። ችካሉ ብቅ ብሏል። ቆሞ አየው። ያውቃል! ባያውቅማ ምን አናደደኝ? ገብሱ በመጋቢት እንደሚጠማ ከማንም በላይ ያውቃል። ግን መጋቢት የሚመጣው ከምርጫው በኋላ ነው። መዝጊያውን ብድግ አድርጎ ለቀቀው።

ውሃው ሦስት ቀን ሙሉ ወረደ። ማሳው ሁሉ ጠገበ፤ የባልቴቷም ሳይቀር። በአራተኛው ቀን ምርጫ ሲደረግ ያልወጣ እጅ አልነበረም፤ የባልቴቷም ወጣ። እልልታው ቀለጠ።

መጋቢት ገባ። ኩሬው ውስጥ የቀረው ጭቃ ብቻ ነበርና ገብሱ ፍሬ ሳይቋጥር ገለባ ሆነ። ያላቸው ከጎተራ አወጡ። ባልቴቷ ለዘር ያስቀመጠችውን ፈጭታ በላች። ዘሩን የበላ ሰው ለከርሞ ምን ይዘራል?

ሽማግሌዎች ጠርተው «ችካሉን እያየህ ለምን ለቀቅኸው?» አሉት።

«ብዘጋው ኖሮ የሚከፍትላችሁን ትመርጡ ነበር» አላቸው። ዓይን አውጣ! ነገር ግን በምርጫው ቀን ከወጡት እጆች መካከል የሽማግሌዎቹም ነበሩ።

እንግዲህ ልጄ፣ «የመረጥነው እንደራሴ ምክር ቤት ሲገባ ለምን ለነገ አያስብም?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ኩሬው የአገር ሀብት ነው፤ መዝጊያው የእሱ ድምፅ ነው። ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ሕግ ቀርቦ ዛሬ የሚቆረቁር ከሆነ አንገቱን ይደፋል፤ ዛሬን የሚያስደስት ከሆነ ከሁሉ ቀድሞ እጁን ያወጣል። ሞኝ ሆኖ አይምሰልህ፤ ወንበሩን ወዶ ነው። እኔንም አንጀቴን ያሳርረኛል። ግን እስቲ ልጠይቅህ፤ አምና ምርጫው ሲቃረብ መጥቶ የጤና ጣቢያ የመሠረት ድንጋይ ሲያስቀምጥ፣ ዳስ ጥለን ሰንጋ አርደን የተቀበልነው እኛ አይደለንም? ያን ዕለት «ሥራው የሚያልቀው መቼ ነው?» ብሎ የተነሣ አንድ ሰው ነበር። ልብሱን ጎትተን ያስቀመጥነው አንተና እኔ ነን።