ቁራ በጅብ ሠርግ

ተረት ልጀምር ነውና ጆሯችሁን ወዲህ አምጡ።

ቁራ ለዓመታት አንድ ጥያቄ ይዛ ኖረች፤ «ድምፄ ሳይታጠብ ማን ይሰማኛል?»

በዚያ አገር ዘፈን የሚቀመጠው በቅል ውስጥ ነበር። ዘፋኙ ወደ ቅሉ ይዘፍናል፣ ቅሉ በሰም ይደፈናል፣ ሲከፈት ዘፈኑ ይወጣል። ቅሎቹን የሚያሰናዳው ንጹሕ ለባሹ ጉሬዛ ነው፤ እያንዳንዱን ድምፅ ያጥባል፣ ሻካራውን ፍቆ ማር ይቀባዋል።

ጅብ ሲያገባ ቁራም ልዝፈን ብላ ጠየቀች።

«እመት ቁራ፣ እኔ ድምፅሽን ሳላጥብልሽ ብትዘፍኚ ሙሽራዋ ትሸሻለች» አላት ጉሬዛ።

በሠርጉ ቀን የጉሬዛ ቅል ተከፈተና ዘፈኑ እንደ ማር ፈሰሰ። ጅብ ሞቅ ሲለው ተነሣና እንደ አገሩ ልማድ ለሚዘፍነው ቅል ግጥም ሰጠ።

«ተቀበል! ሙሽራዬ ስትስቅ አገር ይሸበራል፣
አጥንት ስትሰብር ልቤም ይሰበራል!»

ቅሉ ስለ ጨረቃ መዝፈኑን ቀጠለ።

«ተቀበል እኮ ነው የምልህ! ደንቆሮ ነህ?»

ቅሉ አሁንም ስለ ጨረቃ ዘፈነ። ሙሽራዋ አኮረፈች። «ለእኔ የተሰጠ ግጥም የሚቀበል ከጠፋ ወደ አባቴ ቤት እመለሳለሁ» ብላ ብድግ አለች።

ያን ጊዜ ቁራ ከዛፉ ላይ ሆና ግጥሙን ተቀበለች። ድምፅዋ መሐል ላይ ተሰነጠቀ። ሙሽራዋ አገር እስኪሸበር ስቃ ተቀመጠችና «ድገሚው፣ እቴ!» አለቻት።

ጉሬዛ እየሮጠ መጣ። «ሳቁን አውጥተን፣ ስንጥቁን ደፍነን በቅል እናስቀምጠው...»

ቁራ አላስጨረሰችውም። ከጅብ ባዶ ቅል ለመነችና እዚያው ሠርግ መሐል አፏን አስጠግታ መዝፈን ጀመረች። «አንቺም የያዝሽውን አጥንት እየሰበርሽ ጠጋ በይ፣ ድምፅሽ አብሮ ይግባ» አለቻት ሙሽራዋን።