ሰው የናፈቃቸው ወጌሻ

ተረት የሚተርት ብዙ ነው፤ ለምን እንደተተረተ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በዝግባ ውሃ ከተማ አንድ ሰው ተናዶ ስልኩን አውጥቶ መጻፍ ሲጀምር፣ አጠገቡ ያለው ሰው ትከሻውን ነካ አድርጎ የሚነግረው አንድ አባባል አለ። አባባሉ ድሮም ነበረ ይላሉ፤ ይሁን። የዝግባ ውሃ ሰው ግን በአንድ ቅዳሜ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ተወለደ ብሎ ይከራከራል። ከዝግባ ውሃ ሰው ጋር ደግሞ ተከራክሮ የረታ የለም።

ጋሽ ቢያድግልኝ ወጌሻ ነበሩ። ትከሻው የወለቀ፣ ቁርጭምጭሚቱ የዞረ፣ ከበቅሎ የወደቀ ሁሉ ወደ እሳቸው ነው የሚመጣው። በተለይ ቅዳሜ፣ ገበያ ቀን፣ ግቢያቸው ውስጥ ያለው የጭቃ መደብ ለሰዉ አይበቃውም ነበር። አንዱ «ኧረ እናቴን!» እያለ ሲጮህ ተራ የሚጠብቀው ይስቅበታል፤ ተራው ሲደርስ ደግሞ ከእሱ ብሶ ይጮኻል። ጋሽ ቢያድግልኝ አውራ ጣታቸውን ቅቤ አስነክተው እያሹ፣ የሰውየውን አገርና የአባቱን ስም እየጠየቁ ወሬ ያስይዙታል። ወሬው ሲጥመው ሳያስበው ቀጭ ያደርጉለታል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቤታቸውን ቤት ያሰኘው ይኸው ጫጫታ ነበር።

ታድሎ ደግሞ የከተማዋ ቡድን አጥቂ ነው። ለዋንጫው ጨዋታ አምስት ቀን ሲቀረው ልምምድ ላይ እግሩን ወለም ብሎት፣ ጓደኞቹ አዝለው አመጡት። ጋሽ ቢያድግልኝ አሹት፤ ወደ ቦታው መለሱለትና በጨርቅ አሰሩለት።

«በል ስማኝ ልጄ፤ አሥራ አምስት ቀን እንዳትረግጥባት።»

«ጋሼ፣ ዋንጫው እሁድ ነው እኮ!»

«ዋንጫው ለከርሞም አለ። እግር ግን ለከርሞ ሌላ አይበቅልልህም።»

ታድሎ ሳቀ፤ አቅፏቸው ፎቶ ተነሳና እያመሰገነ ሄደ። እሁድ ግን ጫማውን ጥብቅ አድርጎ አስሮ ሜዳ ገባ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወደቀ፤ ቡድኑም ተሸነፈ።

ተሸንፎ መውጣት አንድ ነገር ነው፤ «አንተ ነህ ያስበላኸን» መባል ሌላ ነው። ታድሎ ቤቱ ገብቶ ያበጠ እግሩን ሲያይ ጥፋቱን የሚያላክክበት ሰው ፈለገ። በከተማዋ የፌስቡክ ገጽ ላይ ያንኑ ተቃቅፈው የተነሱትን ፎቶ ለጠፈና፣ «ይህ ወጌሻ ነኝ ባይ እግሬን ሰብሮ አስቀረኝ። ስንቱን ሰው አካለ ጎደሎ እንዳደረገ እሱ ይወቅ። ተጠንቀቁ!» ብሎ ጻፈ። ወሬ ደግሞ ከአፍ አፍ ሲዞር ይወፍራል እንጂ አይከሳም። አንዷ «የአጎቴንም እጅ የሰበረው እሱ ነው» አለች፤ አጎት ይኑራት አይኑራት እግዜር ይወቅ። ሌላው «እጁ ላይ ሰው ሞቷል» ብሎ ጨመረበት። በሁለት ቀን አራት ሺህ ሰው ተቀባበለው።

የጋሽ ቢያድግልኝ ስልክ ባለ ቁልፍ ናት፤ ከመደወል በቀር የምታውቀው የለም። ቅዳሜ መደቡን ጠርገው፣ ውሃ አሙቀው ተቀመጡ። ማንም አልመጣም። ገበያተኛው በአጥራቸው ስር ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በሁለተኛው ቅዳሜ ጎረቤታቸው እትዬ ጥሩዘር አላስችል አላቸውና ገቡ።

«ጋሼ፣ ፌስቡክ ላይ ወጥተዋል እኮ።»

«ማን አወጣኝ? እኔ ከግቢዬም አልወጣሁ!»

እትዬ ጥሩዘር ስልካቸውን ከፍተው አነበቡላቸው። ጋሽ ቢያድግልኝም፣ «ያ አጥቂው ልጅ? እግሩ አልዳነም እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

«እግሩ ይቆረጥ! ይክሰሱት እንጂ ጋሼ፤ ስም ማጥፋት በሕግ ያስቀጣል። ሲመክሩት ‹ሐሳቤን መግለጽ መብቴ ነው› ይላል አሉ።»

«መናገርማ መብቱ ነው። ያልሰበርኩትን ሰበረ ማለት ግን ሐሳብ ነው እንዴ?» አሉ። «ዳኛው ይቀጣልኝ ይሆናል። ‹ቤቶች!› ብሎ የሚገባ ሰው ግን ከየት ያመጣልኛል?»

ከዚያ ወዲያ ናፍቆት ያዛቸው። ሰው የሚናፍቀው ልጁን ወይ አገሩን ነው፤ እሳቸው የናፈቃቸው የሰው ጩኸት ነበር። ተራ ሲጠብቁ የሚጨቃጨቁትን ናፈቁ። ምንም ሳይሆኑ በየወሩ «ወገቤን» እያሉ ለጨዋታ ብቻ ከቆላ የሚወጡትን ሽማግሌ ሳይቀር ናፈቁ። በሩ ኮሽ ባለ ቁጥር ብድግ ይላሉ፤ ነፋስ ይሆናል። የእትዬ ጥሩዘር በግ ብታነክስ ጊዜ ደስ ብሏቸው ግማሽ ቀን ሲያሿት ዋሉ። «የአባቷን ስም ሳይቀር ጠይቀዋታል» እየተባለ ዛሬም ይሳቃል። እትዬ ጥሩዘር ግን ያን ቀን አልሳቁም፤ ጓዳ ገብተው አለቀሱ።

ታድሎ እብጠቱ አልሄድ ሲለው ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ የእግሩን ራጅ ብርሃን ላይ አድርጎ አየና፣ «ያሸህ ሰው እጁ ይባረክ፤ አንተ ግን ቶሎ ረግጠህባታል» አለው። ታድሎ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ጽሑፉን አጠፋ፤ «ዋሽቻለሁ፣ ይቅርታ» ብሎ ሌላ ጻፈ። ይቅርታውን ያየው አርባ ሰው ብቻ ነበር። በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ እያነከሰ ጋሽ ቢያድግልኝ እግር ላይ ወደቀ።

ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱለት። «ይቅር ለእግዜር ብያለሁ» አሉ። «በል ና ቁጭ በል፤ እግርህን አምጣት።»

ማሸት ሲጀምሩ ፊታቸው በራ። ታድሎ በጮኸ ቁጥር እሳቸው ፈገግ ይላሉ። በዚህ መካከል አንድ ሰው የዞረ ክንዱን በነጠላ አንጠልጥሎ፣ እያቃሰተ በአጥሩ ስር ወደ መኪና መናኸሪያው ሲያልፍ ታየ። ታድሎ በአንድ እግሩ እየዘለለ ወጣ።

«ወንድሜ፣ የት ትሄዳለህ? ወጌሻው እዚሁ ናቸው!»

«እዚህ? ተወኝ እባክህ፤ ሰው ገድሏል አይደል እንዴ?»

«ውሸት ነው! የጻፍኩት እኔ ነኝ! እኔው ራሴ ነኝ የዋሸሁት!»

ሰውየው በደህና እጁ ስልኩን አውጥቶ አሳየው። ፎቶው ያው ነው፤ ቃሉም ያው ነው። ገጹ ግን ታድሎ የማያውቀው ሰው ገጽ ነው፤ የታድሎ ፊት ከፎቶው ተቆርጦ ወጥቷል፤ ስሙም የለም።

«እዚህ ውስጥ አንተ የታለህ?» አለው ሰውየው። «ልጃቸው ነህ መሰለኝ። ለአባት መቆርቆር ደግ ነው» ብሎት መንገዱን ቀጠለ።

ጋሽ ቢያድግልኝ መደቡ ላይ እንደተቀመጡ የሰውየው ማቃሰት እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ እስኪጠፋ ድረስ አዳመጡ። ታድሎ ተመልሶ ገባና እግራቸው ስር ተንበረከከ።

«ጋሼ፣ አጠፋሁት እኮ! ይቅርታም ጻፍኩ። ሌላ ምን ላድርግ? እባክዎ አንድ መላ ይንገሩኝ!»

እሳቸው የታመመችውን እግሩን መልሰው ጭናቸው ላይ አኖሯት፤ ዓይናቸው ግን ከበሩ ላይ አልተነሳም።

«የእግርህስ ይድናል ልጄ» አሉት፣ «የአፍ ወለምታ ግን በቅቤ አይታሽም።»