ከቅርብ የማይነገር ቃል

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ማስተርጎም ነበር።

በሀዲያ ገጠር ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ ከከተማ ሰባኪ በመጣ ቁጥር ሁለተኛውን ማይክ ይዞ ከጎኑ የሚቆመው እሱ ነው። ሱላሞ ይባላል። ሠላሳ ዓመት አማርኛውን ወደ ሀዲይኛ ሲመልስ ኖሯል። ሰባኪው ሲጮህ ይጮሃል፤ ሰባኪው እጁን ሲያነሣ እሱም ያነሣል። አንዱ ከአዲስ አበባ መጥቶ ስለ ሊፍት ምሳሌ ቢያመጣ፣ ሱላሞ ሳይደናገጥ «ሰው ጭኖ ሽቅብ የሚወጣ ሣጥን» ብሎ አሳልፎታል። ከራሱ አይጨምርም፤ ከሰው አይቀንስም። በዚህ ይኮራ ነበር። እኔም ብሆን እኮራ ነበር።

የኮንፈረንስ እሑድ ነው። ሱላሞ በር ላይ ቆሞ ሰው ሲቀበል የታረቀኝ እናት መጣች። ልጇን ከቀበረች ሃያ ቀኗ ነው። ጥቁር ሻርፕ አስራለች። አማርኛ አትሰማም። ታረቀኝ ከሁለት ዓመት በፊት ከቤተ ክርስቲያን ቀርቶ ነበር፤ ሳይመለስ ሞተ። ሽማግሌዎቹ ቀብሩ ላይ ተገኝተዋል፤ የጸለየ ግን አንድም የለም። እንዲህ ላለ ሰው ምን ተብሎ ይጸለያል? ሱላሞም እጁን አጣምሮ ከቆሙት አንዱ ነበር።

«ሱላሞ፣» አለችው፣ «የመጣው ሰው ትልቅ ሰባኪ ነው አሉ። ልጄ የት እንዳለ ዛሬ ይነግረን ይሆን?»

ሱላሞ በሩን ለቀቀላት።

«ግቢ፣ ተቀመጪ» አላት። ገብታ ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

የመጣው ወንጌላዊ ጎበዝ ነበር፤ ላማው አልፈልግም። አንድ ሰዓት ሙሉ ሰበከ፤ ሱላሞም እግር በእግር ተከተለው። ከዚያ ስብከቱ ወደ ፍርድ ዞረ። ወንጌላዊው ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «ከጉባኤ ወጥቶ፣ ንስሐ ሳይገባ የሞተ ሰው ዛሬ የት ነው? በእሳት ውስጥ ነው» አለና ትርጉሙን ጠበቀ።

ትርጉም የለም።

አልሰማኝም ብሎ ደገመው። አሁንም የለም። አማርኛ የሚያውቁት አስተማሪዎችና ወጣቶች አንገታቸውን ደፉ። የታረቀኝ እናት ግን የሱላሞን አፍ አፉን ታያለች።

ሱላሞ ማይኩን ዝቅ አድርጎ ወደ ወንጌላዊው ጆሮ ጠጋ አለ።

«ጥቁር ሻርፕ ያሰረችውን ያዩዋታል? ልጇ የሞተው እርስዎ እንዳሉት ሆኖ ነው። ይህን የምነግረው ለእሷ ነው።»

«ታዲያ ጋሼ ሱላሞ፣ ለሰው ፊት ብዬ ቃሉን ላለሳልሰው? እውነት እውነት ነው።»

«እውነት ከሆነ ከቅርብም ይነገራል። ይውረዱና አጠገቧ ተቀምጠው ይንገሯት። እኔ አንዲት ቃል ሳልቀንስ አስተረጉማለሁ።»

ወንጌላዊው ተናደደ። ሆኖም ሰውየው ፈሪ አልነበረም፤ ወረደ። እሷ እንግዳ መጣ ብላ ጠጋ አለችለት። እጇን ያዘ። እንሰት ሲፍቅ የኖረ፣ የሻከረ እጅ ነው። አፉን ከፈተ። ያ ሁሉ ከመድረክ ላይ ሲወርድ የነበረ ቃል የት ገባ?

«እናቴ፣» አለ በመጨረሻ፣ «ልጅዎ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

ሱላሞ አስተረጎመ።

«ወንዝ ዳር አሸዋ ይቆፍር ነበር» አለች። «ገደሉ ሲናድ ሁለት ሰው ጎትቶ አወጣ። ሦስተኛውን ላውጣ ብሎ ተመለሰ፤ የቀረው ገደል በላዩ ወረደበት። አሁን የት ነው ያለው?»

ወንጌላዊው «አላውቅም» አለ።

ሱላሞ ይህንንም አስተረጎመ። ከዚያ በሠላሳ ዓመት የማስተርጎም ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሱ ጨመረ።

«ልጅሽ ለምን ከዚህ እንደቀረ ታውቂያለሽ? መጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ‹ወንጌል ሳይደርሳቸው የሞቱት አያቶቼ ምን ሆኑ?› ብሎ ጠየቀ። አስተማሪው እኔ ነበርኩ። ‹እንዲህ ያለ ጥያቄ የሰይጣን በር ነው› ብዬ በሰው ፊት አሳፈርኩት። የተቆጣሁት መልሱን ስለማላውቅ ነው። ልጁ በዚያው ቀረ።»

ወንጌላዊው «ምን አሏት?» ሲለው፣ ሱላሞ የገዛ ኃጢአቱን ቃል በቃል ወደ አማርኛ መለሰለት። እንዲህ ያለ ከባድ ትርጉም በሕይወቱ ገጥሞት አያውቅም።

አልተቆጣችውም። «ለእሱ ያልመለስክለትን ለእኔ መልስልኝ» አለችው።

«ዛሬም አላውቀውም። ግን እስቲ ልጠይቅሽ፤ ታረቀኝ በአንቺ እጅ ቢሆን፣ እሳት ውስጥ ትከቺው ነበር?»

«እኔ? እናቱ?»

«እንግዲያው እግዚአብሔር ካንቺ አያንስም።»

ሻርፗን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሁለቱም አብረዋት አለቀሱ። ስብከቱ በዚያው ቀረ፤ በቀብሩ ቀን ያልተጸለየውን ጸሎት እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጸለዩ።

ወገኖቼ፣ አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁ ተቀያይሯል፤ አየዋለሁ። «ፍርድ የለም ልትለን ነው?» ትሉኛላችሁ። አላልኩም። ፈራጁ እናንተ አይደላችሁም ነው ያልኩት። ጌታችን ስለ አባቱ ሲያስተምር ከየት ጀመረ? ልጁ ዳቦ ሲለምነው ድንጋይ ከማይሰጥ ተራ አባት አይደለም የጀመረው? እኛ ግን ለጎረቤታችን ልጅ የማንመኘውን ነገር በእግዚአብሔር ስም እናውጃለን። ከሩቅ እናውጃለን። በማይክ እናውጃለን። እስቲ የምታምኑትን ይዛችሁ ልቅሶ ቤት ግቡ፤ እጅ ይዛችሁ ተናገሩት። ከአፋችሁ ካልወጣ፣ ቃሉን ከማን እንደተማራችሁት መርምሩ።

ጥያቄንስ ለምን እንፈራለን? ጠያቂውን ዝም ስናሰኝ እምነትን የጠበቅን ይመስለናል። በጥያቄ የሚፈርስ እምነት ካለን ይፍረስ፤ እግዚአብሔር አልሠራውም፣ እኛው ነን የሠራነው።

እያንዳንዳችሁ ዝም ያሰኛችሁት ሰው አላችሁ። የገዛ ልጃችሁ ሊሆን ይችላል። ከመዘምራን ወንበር ተነሥታ የቀረችው ልጅ ልትሆን ትችላለች። ስሙ አሁን ትዝ ብሏችኋል፤ አታስመስሉ። መልስ ይዛችሁ ሂዱ አልላችሁም፤ መልሱ ላይኖራችሁ ይችላል። «ያን ቀን አሳፍሬሃለሁ፤ ጥያቄህን እንደገና ንገረኝ» በሉት፣ ከዚያ ተቀምጣችሁ አዳምጡ።

ሱላሞ በደሉን የተናዘዘው ለእናቲቱ ነው። ለታረቀኝ አልደረሰለትም። የእናንተው ሰው ግን ዛሬ በሕይወት አለ፤ ቤቱንም ታውቁታላችሁ።