ሠላሳ አምስት ዲግሪ

ነፍሱን ይማረውና፣ ምላሱ ከማጭዱ ይልቅ የሰላ አንድ የደጋ ገበሬ ነበር። ገብስ የሚዘራባት አንዲት ገደላማ ማሳ ነበረችው፤ አፈሯ በጎርፍ እንዳይሸሽ እሱና ሚስቱ ድንጋይ እየለቀሙ እርከን ክበውባታል።

አንድ ቀን በዩኒቨርሲቲ የተራራ ደንና የደጋ እርሻ የሚያስተምሩ ፕሮፌሰር ይኄይስ የሚባሉ ሰው፣ ሠላሳ ተማሪ አስከትለው ማሳው ላይ ወጡ። ተዳፋቱን በመሣሪያ ለኩና፣ “ሠላሳ አምስት ዲግሪ!” ብለው ጮኹ። “አንተ ሰውዬ፣ እንዲህ ያለ መሬት ራሱን ችሎ አይቆምም። ይከለልና ዛፍ ይተከልበት ብዬ ዛሬውኑ ለወረዳው እጽፋለሁ።”

ገበሬው ክው አለ፤ ሌላ መሬት የለውም። “ኧረ ጌታዬ፣ ይኼ እርከን እኮ አንድ ክረምት እንኳ ተንዶ አያውቅም!”

ፕሮፌሰሩ ከት ብለው ሲስቁ እግራቸው ከዳቸውና ሁለት ተማሪዎች ግራና ቀኝ ክንዳቸውን አፈፍ አደረጉ። እሳቸው እንደ ተደገፉ፣ “እኔ ሦስት ዲግሪ ይዤ ስናገር፣ አንተ ምን ይዘህ ነው የምትከራከረኝ?” አሉት።

“እኔስ ምንም የለኝ፣ ጌታዬ” አለ ገበሬው አንገቱን ደፍቶ። “መሬቴ ግን ሠላሳ አምስት ዲግሪ ይዛ፣ ይኸው ሁላችሁንም ተሸክማ ቆማለች። እርስዎ ሦስት ይዘው በሁለት ሰው ተደግፈዋል። ታዲያ ከእሷና ከእርስዎ መከለል የሚገባው ማን ነው?”

ደብዳቤው ወረዳው ዘንድ እስከ ዛሬ አልደረሰም፤ ገብሱ ግን በየዓመቱ ይደርሳል።