መዝጊያ ያልነበረው ቦይ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ አባቷ።

ትርንጎ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳች። አባቷ ቃል የማያባክኑ ገበሬ ናቸው። ለገበያ ወደ ከተማ በመጡ ቁጥር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቷ ጎራ ይሉና ዱላቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ዛሬ ግን ልጃቸው ጠየቀቻቸው። ዋይፋይ አስገብታለች፤ ሴቲንጉን ከፍታ ፓስወርድ የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ አመነታች። ጎረቤቷ ጸጉር ሠሪዋ «አየር ደግሞ ይቆለፋል እንዴ? ነገ ፀሐይዋንም ትቆልፊብናለሽ!» ብላ ሰው ሁሉ እየሰማ ስቃባታለች።

«አባዬ፣ ልቆልፈው ወይስ ክፍት ልተወው?» ነበር ጥያቄዋ።

«አንድ ሰው ነበረ። ከወንዝ ውሃ ጠልፎ ጌሾና ሽንኩርት ያለማ ነበር። ቦዩ ጓሮውን ዞሮ ተመልሶ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ያኔ ዘመኑ ደግ ነው። እርሻ ውሎ የገባ ሰው መንገደኛ ከሌማቱ በልቶ ሄዶ ያገኛል፤ ‹ጠግቦ ይሆን?› ይላል እንጂ ‹ማን ነው?› አይልም። ውሃ በተራ የሚያካፍለው ሽማግሌ፣ የውሃ አባቱ፣ ‹ቦይህ አፍ ላይ ሳንቃ ግጠም፤ ጓሮህንም እጠር› ቢለው ሰውየው ‹ውሃ የእግዜር ነው፤ የመጣ ይቅዳ› አለ። አገሩ ‹ደጉ ሰው› ብሎ ጠራው። ስሙን ወደደው።

«አንድ ሰንበት እሱ ቤተ ክርስቲያን ሳለ የማይታወቅ ሰው የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ይዞ መጣ። ብርብራ ዓሣ ያሰክራል። ወንዙ ዳር ቢበትነው ይታያል፤ እዚህ ግን ጌሾው ይሸሽገዋል። ቦዩ ውስጥ በተነው። ቦዩ ወንዙ ውስጥ ወደሚገባበት ወርዶ የሰከረውን ዓሣ ለቀመና ሄደ። የታችኛው መንደር ከብቱን ሊያጠጣ ቢመጣ ውሃው አረፋ ደፍቋል፤ ከብቱ አልጠጣም ብሎ አፈገፈገ። አረፋውን ተከትለው ሽቅብ ወጡ። ደጉ ሰው ደጅ ደረሱ።

«አውጫጭ ተጠራ። በዳዩ እስኪታወቅ አገር ተሰብስቦ የሚቀመጥበት ነው። ደጉ ሰው ‹እኔ አልበተንኩም› አለ። ‹ቦዩ የማን ነው?› አሉት። ‹የኔ።› ‹ማን ገባ?› ‹አላውቅም፤ ሁሉም ይገባል።› ሦስት ቀን ተቀመጠ። በመጨረሻ ማለና ለቀቁት። ከዚያ ወዲያ ግን የታችኛው መንደር ሰው እሱ ቤት ውሃ ጠጥቶ አያውቅም።

«ሰውየው ዋንዛ ቆርጦ ሳንቃ ጠረበ። ሲጠርብ እንባው መጥረቢያው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ለእንጨቱ አልነበረም ያለቀሰው፤ ለዚያ ዘመን ነው። የቦዩን አፍ ገጠመው፣ ጓሮውን አጠረ። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ለመንገደኛ ትንሽ ቦይ ለየ። ከዚያ በኋላ የጠማው ሁሉ ከዚያችው ጠጣ።»

ትርንጎ አያቷ ጓሮ ያለው፣ ዕድሜ ያጠቆረው ሳንቃ ትዝ አላት። ልጅ ሳለች እላዩ ላይ ቆማ ውሃው ከሥሩ ሲያጉረመርም ትሰማ ነበር።

«ሰውየው ማን ነው አባዬ?»

«ሰው ነበረ አልኩሽ።»

ከዚያ በዱላቸው ጫፍ ግድግዳው ላይ መብራቱን የሚያርገበግበውን ራውተር አመለከቱ።

«ይሄም ቦይ ነው። አይታይም እንጂ ይፈሳል። ባንቺ ቦይ ገብቶ የተሳደበ፣ ባንቺ ቦይ ገብቶ ያጭበረበረ፣ እሱ ዓሣውን ለቅሞ ይሄዳል፤ አረፋው ግን ሰውን ይዞ የሚመጣው አንቺ ደጅ ነው። ጎረቤትሽን አትንፈጊ፤ ለእንግዳ ትንሽ ቦይ ለዪለት። ያንቺን ግን ሳንቃ ግጠሚበት። ክፉ ስለሆንሽ አይደለም። ያ ዘመን ስለሄደ ነው።»

ትርንጎ ለእንግዳ የሚሆን ሌላ የዋይፋይ መስመር ለይታ፣ ለራሷ ፓስወርዱን መጻፍ ጀመረች። ትምህርታቸውን ሁለተኛ ክፍል ላይ ያቆሙት አባቷ፣ የምትጽፈውን እንዳያዩ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።